መድፏ የሌለችበት ማሊያ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ቲሸርት አታሚ እንቅልፍ የለውም። የሰፈሩም፣ የድሮ ተማሪውም፣ የመሥሪያ ቤቱም ሰው አንድ ዓይነት ለብሶ ታቦት ማጀብ ይፈልጋል። ፒያሳ ባለችው ሱቃችን ሂት ፕሬሱ፣ ምስሉን በሙቀት ጨርቅ ላይ የሚያትመው ማሽን፣ አይቀዘቅዝም።

አንድ ልጅ መጣ። ለጓደኞቹ የአርሰናልን እ.ኤ.አ. የ2003/04 ማሊያ ፈልጎ። ያለሽንፈት ዋንጫ የተበላበትን። የክለቡ አርማ መድፏ፣ የአምራቹ የናይኪ ምልክት፣ ደረቱ ላይ የስፖንሰሩ የኦቱ (O2) ስም፣ ምንም ሳይቀር።

«አርማ አናትምም» አልኩት።

«ሃያ ዓመት አለፈው እኮ! ጊዜው አልፎበታል።»

ይቺ ክርክር የምታናድደኝ ግማሿ እውነት ስለሆነች ነው። የማሊያው ንድፍ ቢመዘገብ እንኳ በእኛ ሕግ ጥበቃው 5 ዓመት ነው፤ ቢራዘም ቢራዘም ከ15 አያልፍም። የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ በየ7 ዓመቱ እያደሱ መቀጠል ነው። ደግሞ የአንድ ማሊያ ምልክቶች ባለቤት አንድ አይደለም። ክለቡ አለ፣ አምራቹ አለ፣ ስፖንሰሩ አለ።

«እሺ፣ ‹ኦሪጅናል አይደለም› ብለህ ጻፍበት።»

እዚህ ላይ ደስ አለኝ። ለዚህ መልስ ነበረኝ። ማቲው ሪድ የሚባል ሰውዬ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአርሰናል የድሮ ስታዲየም ሃይበሪ ደጃፍ የአርሰናል ስም ያለበት ዕቃ ይሸጥ ነበር። ዕቃው የክለቡ እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያም ለጥፏል። ክለቡ ከሰሰው፤ ጉዳዩ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2002 እ.ኤ.አ. የተባለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ማስታወቂያውን የሚያነበው ገዢው ነው። ዕቃው ከዚያ ርቆ ሲታይ ሌላው ሰው የክለቡ ሥራ ሊመስለው ይችላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለአርሰናል ፈረደ።

ልጁ በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ «ታዲያ አርሰናል ጎንደር ድረስ ሊመጣ ነው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። የሱቃችን ባለቤት ከሂሳብ ደብተሯ ቀና ሳትል «ቀብድ ከፍሏል?» አለች።

በመጨረሻ ያለ አርማ ተስማማን። ቀይ ደረት፣ ነጭ እጅጌ፣ ከፊት 49 ቁጥር። ሳይሸነፉ የተጫወቷቸው የሊግ ጨዋታዎች ናቸው፤ የገባው ይገባዋል ብዬ ነው። (እርግጥ ከኛ በላይ ፎቅ ላይ ያለው አታሚ መድፏንም ያትምላቸው ነበር። ያውም አፏን ወደ ግራ አዙሮ። ክለቡ በ2002 እ.ኤ.አ. አርማውን ሲቀይር ወደ ቀኝ እንዳዞራት እስካሁን የነገረው የለም።)

በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ አካባቢ አየኋቸው። አምሮባቸዋል። አጠገቤ የቆሙ እናት እልል ብለው «እሰይ የኛ ፋሲሎች!» አሉ።

የከተማችን ክለብ ፋሲል ከነማ ቀይና ነጭ መልበሱ እንዴት ሳይታየኝ እንደቀረ እንጃ። መድፏን ስናነሳ የቀረው ለጎንደር ሰው የአፄዎቹ ማሊያ ነበር።

በሳምንቱ አንድ ጎልማሳ ደጋፊ ኮስተር ብሎ ገባ። «የፋሲልን ማሊያ በማን ፈቃድ ነው ያተማችሁት? ደግሞስ 49 ቁጥር ማን ነው?»

ስለ ሪድ ልነግረው አፌን ስከፍት ባለቤቷ ቀደመችኝ።

«ስንት ፍሬ ትፈልጋለህ ወንድሜ?»