ጠመንጃ ለመለየት ቀኝ እጅን ማየት፦ የአራተኛ ወር ማስታወሻ

ፊልም ላይ የማያቸውን ጠመንጃዎች መለየት ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። በዚህ ወር ያየሁት አንድ ፊልም ብቻ ነው። ግን አራት ጊዜ ነው ያየሁት። ታሪኩ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነው፤ 1916 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳይ፣ ጭቃ የሞላው ምሽግ ውስጥ። ከምሽጉ ሥር ከአፈር የተሠራ ጭራቅ አለ። በሞቱት ወታደሮች ድምፅ እየተጣራ በሕይወት ያሉትን ይወስዳል። ቀሪውን አልነግራችሁም።

መጀመሪያ ላይ የማየው አፈሙዙን ነበር። ሁሉም ረጅም፣ ሁሉም እንጨትና ብረት፣ ሁሉም አንድ ይመስሉኝ ነበር። አሁን የማየው የወታደሩን ቀኝ እጅ ነው። የማቀባበያው እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ወጥቷል ወይስ ወደ ታች ታጥፏል? ከቃታው ምን ያህል ይርቃል? ስንት ተኩሶ ነው እንደገና የሚያጎርሰው? እነዚህን ካያችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የዚያን ጊዜ የጀርመን እግረኛ የሚይዘው ማውዘር ሞዴል 98 ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ 125 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም። እጀታው ቀጥ ያለ ነው። ፊልሙ ላይ ግን አንዱ ጀርመናዊ የያዘው አጠር ያለ፣ እጀታው የታጠፈ ነበር። ወዲያው ደብተሬ ላይ በቀይ «ስህተት! ይሄ የ1935ቱ ካር 98 ኬ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሁለተኛው ጦርነት መሣሪያ አንደኛው ውስጥ ገባ ማለት ነዋ!

ተቻኩዬ ነበር። በማግስቱ ሳነብ ለፈረሰኛና ለመድፈኛ ተብሎ በ1908 የወጣ ሌላ አጭር ማውዘር እንዳለ አወቅኩ። እሱም እጀታው የታጠፈ ነው። መለያው ከአፈሙዙ ሥር ያለች መንጠቆ ናት፤ ወታደሮች ሲያርፉ ጠመንጃዎቹን እርስ በርስ አያይዘው የሚያቆሙባት። ፊልሙን አቁሜ አጎላሁት። መንጠቆዋ አለች። ቀዩን ጽሑፍ ሰረዝኩት፤ አንድን ጠመንጃ በአንድ ምልክት ብቻ ላለመፍረድም ወሰንኩ።

እንግሊዞቹ ላይ ምንም ስህተት አላገኘሁም። ሊ ኤንፊልድ፣ አሥር ጥይት፣ አፍንጫው ድፍን ያለ። እጀታው ከቃታው አጠገብ ስለሆነ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ 15 ጊዜ አነጣጥሮ መተኮስ ይችል ነበር። ተዋናዩ ሲተኩስ ቆጠርኩ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ከዚያ እጁ ወደ ዝናሩ ሄደ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን መትረየሱን ነው። ማክሲም ኤምጂ 08 በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው። አፈሙዙን ያቀፈው ወፍራም ቱቦ አራት ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ብዙ ከተተኮሰ ይፈላል። ፊልሙ ላይ ከቱቦው ሥር ጎማ ወጥቶ ጣሳ ውስጥ ገብቷል፤ እንፋሎቱ እዚያ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ጭራቁ ሲቀርብ አንዱ ወታደር እጁ እየተንቀጠቀጠ ጣሳውን ያነሳና ውሃውን መልሶ ይሞላል። ሦስት ሰከንድ አይሞላም። እኔን ያስፈራኝ ያ ነው፣ የጭራቁ ጥርስ አይደለም።

የማይታለፈው ስህተት ኤምፒ 18 ነው። በግራ ጎኑ ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ 32 ጥይት የሚይዝ ክብ ካዝና የሚሰካበት አጭር አውቶማቲክ ነው። ጦር ሜዳ የደረሰው በ1918 ነው። ታሪኩ ደግሞ 1916 ላይ ነው። እህቴ «ጭራቅ ያለበት ፊልም ላይ የጠመንጃ ዓመት ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ጭራቁን የማምነው እኮ ሌላው ሁሉ እውነት ሲሆን ነው። ጭቃው እውነት ከሆነ፣ ጣሳው እውነት ከሆነ፣ ከጭቃው የሚወጣውን እጅም አምናለሁ። ያ አውቶማቲክ ብቅ ሲል ግን ከምሽጉ ወጥቼ ሶፋዬ ላይ ተመለስኩ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከብሎካችን ጀርባ ያላለቀ ሕንፃ አለ፤ ሲሚንቶውን የሚጠብቁ አንድ አባት አሉ። ማታ ማታ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ስንት ወር በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ዓይኔ እጀታው ላይ አረፈ። ሻይ ይዤላቸው ሄድኩና «አባባ፣ ከሩቅ ልያት?» አልኳቸው።

«ቤልጅግ ናት። ነይ፣ ቅረቢ» አሉኝ። መጀመሪያ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ባዶ መሆኗን በትንሿ ጣታቸው ዳብሰው አረጋገጡ። በስልኬ መብራት ሳያት ብረቱ ላይ አንበሳ አለ፤ በመዳሰስ ብዛት ሊጠፋ ደርሷል። ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ቤልጅየም ካለው ከኤፍኤን ፋብሪካ ካስመጣቸው ማውዘሮች አንዷ ናት። ውስጧ ያው የሞዴል 98 ነው፤ ፊልሙ ላይ ያየሁት ጠመንጃ ዘመድ ማለት ነው። «ከአባቴ ነው የወረስኳት። እሳቸው ውጅግራ ነበራቸው፣ እሷን ሸጠው ነው ይቺን የገዙት» አሉኝ። ውጅግራ ፈረንሳዮች ፉዚል ግራ የሚሉት የ1874ቱ ጠመንጃ ነው፤ ስሙ በእኛ አፍ እንዲህ ሆኖ ቀረ።

አንዴ እንዳቀባብል ፈቀዱልኝ። ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች። ከጠበቅኩት በላይ ይከብዳል። ድምፁ «ቀጭ» ብቻ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ የሚዘጋ በር ድምፅ አለው።

ትናንት ማታ ፊልሙን በስልኬ አሳየኋቸው፤ የምሽጉን ውጊያ ብቻ። ጭራቁ ከጭቃው ሲወጣ ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው በጣታቸው ስክሪኑን ነካ አደረጉና «ይሄ ልጅ ሳያቀባብል ሁለቴ ተኮሰ» አሉ።

ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። እውነታቸውን ነው።