«ጎረቤት አበላብኝ»

በአዲስ አበባ የግቢ ውሻ በድንገት ታሞ ሲያስታውክ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የበላው ምግብ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ካልሆነ ሌባ። በግል የእንስሳት ክሊኒክ ስሠራ «መርዝ አብልተውብኝ ነው» የሚለውን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት ነገር የለም። ሰዉም እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። በዚህ ከተማ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በስትሪክኒን በተመረዘ ሥጋ ሲወገዱ ኖረዋል፤ ሌባም አጥር ከመዝለሉ በፊት የሚያስጨንቀው ውሻው እንደሆነ ማንም ያውቃል። ችግሩ ጥርጣሬው ራሱ ጊዜ መፍጀቱ ነው። ቤተሰቡ መርዙን ማን ሰጠ ብሎ ሲከራከር፣ ሲሳደብ፣ ቀበሌ ልሂድ አልሂድ ሲል ውሻው በውኃ ጥማት ያልቃል።

በአንድ ፍልሰታ ከኮተቤ አካባቢ አንዲት ወይዘሮ ከዘበኛቸው ጋር መጡ። ዘበኛው አራት ወር ግድም የሆነው ቡችላ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ወይዘሮዋ ወንበር ሳይዙ ክሳቸውን ጀመሩ።

«ዶክተር፣ ይኼ ጎረቤቴ ሁለተኛ ውሻዬን ገደለብኝ! በአጥር ነው የተጣላነው፤ ውሻው ምን አደረገው?»

«ቡቺ ገና አልሞተም፤ ይረጋጉ። ከምን ጊዜ ጀምሮ ነው? ምንስ ሰጣችሁት?»

«ትናንት ማታ ጀመረው። ወተት ግተነዋል። ለመርዝ ማርከሻው ወተት አይደል?»

አይደለም። ወተት እነዚህን መርዞች አያረክስም። የሚያስታውክና አንገቱን መሸከም ያቃተው ቡችላ ደግሞ በግድ ሲጋት ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባና ሌላ በሽታ ይጨምርበታል። ይህን ስነግራቸው ወይዘሮዋ ዘበኛውን ዞረው ገላመጡ። ወተቱን ማን እንዳዘዘ አልጠየቅኩም።

ቡችላውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛነው። ድዱ ገርጥቷል፤ በጣት ጫን አድርጌ ስለቅቀው ቀለሙ ከሁለት ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ተመለሰ። የጫንቃውን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቅቀው እንደተቆነጠጠ ቆመ፤ ፈሳሹ አልቆ ነው። ትኩሳት አለው። ከኋላው የሚወርደው ውኃ የመሰለ ደም ነው፤ ሽታውንም አንድ ጊዜ ያሸተተ ሐኪም አይረሳውም።

መርዝ ግን አይመስልም ነበር። ስትሪክኒን የበላ ውሻ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ እንጨት ይገተራል፤ በር ሲንኳኳ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ማላታዮንና መሰሎቹ ፀረ ተባዮች ምራቅ ያዝረበርባሉ፣ የዓይን ብሌን ያጠብባሉ፣ ጡንቻ ያርገበግባሉ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ ደግሞ መድማቱ የሚታየው ቀናት ቆይቶ ነው። ቡቺ ዝም ብሎ ዝሎ ተኝቷል፤ ብሌኑም ደህና ነው።

«ክትባቱን ጨርሷል?» አልኳቸው።

«እንዴታ!» ብለው ካርዱን ከቦርሳቸው አወጡ። ካርዱ ንጹሕ፣ ማኅተሙም በቦታው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብቻ ተጽፎበታል። ብዙ ቤተሰብ ዘንድ «ውሻው ተከትቧል» ማለት ይኼው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ይገድላልና ክትባቱ መቅደሙ ተገቢ ነው፤ ቡችላ የሚፈጀውን ፓርቮ ቫይረስ ግን አይከላከልም። የፓርቮ ክትባት ቡችላው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ይጀመራል፤ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የሚደጋገመው ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፍ፣ ያም መቼ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ነው።

ቁልፉን ጥያቄ የጠየቀችው እኔ ሳልሆን ቢሾፍቱ ከሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የመጣች ተማሪ ነበረች። ወይዘሮዋን ትታ ወደ ዘበኛው ዞረች።

«ጋሼ፣ የፊተኛው ውሻ የት ነበር የሚተኛው?»

«ጃክ? እዚያው ቡቺ የሚተኛባት ጎጆ ነዋ።»

«ሲሞት እንዴት ነበር ያደረገው?»

«እንዲሁ ነው። ትውከት፣ ከዚያ ደም። ሽታውም ይኸው ነው።»

«አያችሁ!» አሉ ወይዘሮዋ። «አንድ ዓይነት መርዝ ነው የሚሰጠው!»

ተማሪዋ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ሚዛኑ ሄደች። ጃክ የሞተው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እርሱም ቡችላ ነበር። ፓርቮ በ1978 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በውሾች ላይ ከታወቀ በኋላ በሁለት ዓመት ገደማ ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ጠባዩ ነው፤ ከታማሚው ሰገራ ጋር ይወጣና ጥላና እርጥበት ባለበት አፈር ውስጥ ለወራት፣ ሲመቸውም ከዓመት በላይ ይቆያል። በጫማና በእጅ፣ በምግብ ሳህንም ይጓዛል። የኮተቤዋ የጣውላ ጎጆ ፀሐይ የማያገኛት፣ ከግንቡ ሥር የተጠጋች ነበረች።

የሰገራው ፈጣን ምርመራ ፓርቮ አለ አለ። የደሙን ናሙና በአጉሊ መነጽር ስናየው ነጭ የደም ሴል ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ቫይረሱ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል፤ የአንጀትን ሽፋን ይገፈዋል፣ ነጭ ሴል የሚመረትበትን መቅኔም ይመታል። በተገፈፈው አንጀት በኩል ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል፣ የሚመክተው ነጭ ሴል ደግሞ የለም። ቫይረሱን የማይገድለውን ፀረ ባክቴሪያ የምንሰጠውም ለዚህ ነው። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ቡችላ ከክብደቱ አሥር በመቶ ያህል ፈሳሽ ካጣ ጉድለቱ ብቻ 600 ሚሊ ሊትር ነው፤ የዕለት ፍላጎቱና ገና የሚያጣው በላዩ ይደመራል። ይህ በአፍ በማንኪያ የሚሞላ አይደለም። ሪንገር ላክቴት የተባለውን ፈሳሽ በደም ሥሩ ሰቀልን፣ ስኳሩም እየወረደ ስለነበር ግሉኮስ ጨመርንበት፣ ማስታወክ የሚያስታግስ መርፌ ሰጠነው።

በነገራችን ላይ ደም የሚያስቀምጠው ሁሉ ፓርቮ አይደለም። ትንንሽ ዝርያ ያላቸው አዋቂ ውሾች በድንገት ደም ሲያስቀምጡ፣ ፈሳሹ ስለሚያልቅ ደማቸው ወፍሮ የቀይ ሴሉ ድርሻ ከ60 በመቶ በላይ ሲወጣ እናያለን፤ ፈሳሽ በጊዜው ካገኙ በአብዛኛው ቶሎ ይነሣሉ፣ ብዙውን ጊዜም ፀረ ባክቴሪያ አያሻቸውም። አጥንት ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ውጦ አንጀቱ የተዘጋውን ደግሞ ቢላዋ እንጂ ግሉኮስ አያድነውም። ስለዚህ ፋርማሲ ሄዶ የሰው ሜትሮኒዳዞል ወይም የሕመም ማስታገሻ ገዝቶ የሚሰጥ ሰው ያናድደኛል። አይቡፕሮፌን የቆሰለውን የውሻ ጨጓራ ያባብሳል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል።

ትውከቱ ጋብ ሲል ምግብ እንጀምርለት አልኩ። ድሮ አንጀቱ ይረፍ ተብሎ ጾም ይታዘዝ ነበር፤ አሁን በትንሽ በትንሹ ቶሎ መመገብ የአንጀቱን ሽፋን ለመጠገን እንደሚረዳው እናውቃለን። ያለ ቅመም የተቀቀለ ዶሮ በሩዝ፤ ሽንኩርት ግን በፍጹም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳልና።

«በፍልሰታ ዶሮ ልቀቅል?» አሉ ወይዘሮዋ፣ እንደ ተሰደቡ ሆነው።

«እትዬ፣ ቡቺ አይጾምም፤ እኔ በሌላ ድስት እቀቅልለታለሁ» አሉ ዘበኛው። የቀቀሉትም እርሳቸው ናቸው። ቡችላው ዳነ፤ ሳይታከሙ ከሚቀሩት አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ ቶሎ ፈሳሽ ካገኙት ግን አብዛኞቹ ይተርፋሉ።

ወደ ቤት ሲመለስ የጽዳቱን ነገር ለዘበኛው አስረዳሁ። የጣውላዋ ጎጆ ትቃጠል፤ ሲሚንቶው መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ቆሻሻው ይልቀቅ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ይቆይበት። የዳነው ቡቺም ለሳምንታት ቫይረሱን ሊያወጣ ስለሚችል ሰገራው ወዲያው ይነሣ፣ ያልተከተበ ቡችላ ወደ ግቢው አይግባ።

ወይዘሮዋ ሂሳብ ሲከፍሉ አንድ ነገር ሲያብላላቸው ያስታውቅ ነበር። «እንግዲህ ሰውየውን ይቅርታ መጠየቄ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ስለ ውሾቹ ማለቴ ነው። የአጥሩን ግን ፍርድ ቤት ይጨርሰዋል።»