መጁን ሲይዙ ነው ዘፈኑ የመጣው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ አምስት አመት ሆነኝ፣ ከዛ ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ከዚህ እስከ አቃቂ ያሉ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ታሪክ በስልኬ እቀዳለሁ። እንዴት ጀመርክ፣ እንዴትስ እሺ ይሉሃል የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ የሰራሁትንም ያበላሸሁትንም ልጻፈው።

መጀመሪያ ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ነበር የምሄደው። በስንት አመተ ምህረት ተወለዱ? ስል አባባ «እኔ ምኑን አውቄ» ብለው ዝም ይላሉ። አመት ስትጠይቃቸው ፈተና የያዝካቸው ነው የሚመስላቸው። አሁን ጣሊያን ሲወጣ የት ነበሩ፣ መሬት ሲወረስ ልጅ ወልደው ነበር ወይ እያልኩ ነው የምገባው። አንዷ እማማ «ጣሊያን ሲወጣ ገና ጡት አልጣልኩም» አሉኝ፣ ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፣ በቃ እድሜያቸውን አገኘሁት።

እኚሁ እማማ ከቡልጋ ነው የመጡት፣ አቃቂ ፋብሪካ ሊሰሩ። የወፍጮ ዘፈን ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ኧረ ልጄ፣ ጠፍቶብኛል» አሉ፣ ሶስት ቅዳሜ ተመላለስኩ ሶስቱንም ጠፍቶብኛል። አራተኛው ላይ ጎረቤታቸው ጓሮ የድሮ ወፍጮ ተቀምጦ አየሁና ይሞክሩት እስኪ አልኳቸው፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በርጩማ አመጣንላቸው፣ መጁን፣ ማለት በእጅ የሚገፋውን የላይኛውን ድንጋይ፣ ያዙና ትንሽ ገብስ ጨምረው ወደፊት ወደኋላ ማለት ሲጀምሩ እኔ ምንም ሳልጠይቅ ዘፈኑ መጣ!! አርባ ደቂቃ። እናታቸው ሌሊት እየፈጨች ስለ አማቷ የምታንጎራጉረው ሁሉ አለበት፣ ግጥሙን እዚህ የማልጽፈው ዘሮቻቸው በህይወት ስላሉ ነው። ዘፈኑ እጃቸው ላይ ነበር የተቀመጠው፣ እኔ አፋቸውን ነበር የምጠይቀው።

ህዳር 12 ላይም እንደዛው ሆነ። አንድ አባባ ደጃቸው ላይ ቆሻሻ ሲያጥኑ አብሬያቸው ቆሜ ጭሱ ሳይበርድ የአያታቸውን ወሬ አመጡት፣ ከብቱ አለቀ ከዛ ሰው በየቤቱ ሞቶ ቀባሪ ጠፋ አሉ፣ እንደ አንድ ዘመን አድርገው። ከብት ያለቀው ግን ከ1880 ጀምሮ በነበረው ክፉ ቀን ነው፣ ቀባሪ የጠፋው በ1911ዱ የህዳር በሽታ፣ መሃሉ ሰላሳ አመት አካባቢ አለ። የድሮው እኔ ቢሆን እዛው አርማቸው ነበር። አሁን እንዳሉት እጽፍና የኔን ማስታወሻ ለብቻው አስቀምጣለሁ፣ ምክንያቱም ሁለት መከራ አንድ ላይ መቀመጡ ራሱ ሰው እንዴት እንደሚያስታውስ ይነግርሃል።

ክፉኛ የተሳሳትኩት ሙሾ ላይ ነው። አንዲት አልቃሽ የነበሩ እናት ቤት ገብቼ ሙሾ ያውርዱልኝ አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ። «ሰው ሳይሞት ቤቴ ውስጥ? ልጆች አሉኝ እኮ!» ሟርት ነው ያደረግኩባቸው። ይቅርታ ብጠይቅም ያ ቤት ተዘጋብኝ፣ እስካሁን ያመኛል። ሙሾ ለቅሶ ላይ ተገኝተህ ነው የምትሰማው፣ ስልክህን ኪስህ ከተህ፣ ከዛ ከአርባው በኋላ ቤተሰቡን ታስፈቅዳለህ።

ቋንቋም አለ። እዚህ ነባር ገበሬው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ ቱሉ ኮረብታ ዲምቱ ቀይ ማለት መሆኑን እንኳ ሁለት አመት ኖሬ ነው ያወቅኩት። በአማርኛ ስጠይቃቸው ለእንግዳ የሚመለስ አጭር መልስ ነበር የሚሰጡኝ፣ የሰፈር ልጅ ይዤ መሄድ ስጀምር ግን እያንዳንዱ ወንዝና ጉብታ ስምም ታሪክም እንዳለው ሰማሁ።

ቅጂን በተመለከተ ባጭሩ፦ የዛኑ ቀን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንድ ሚሞሪ ካርድ ተበላሽቶብኝ የስድስት ሰው ድምፅ ጠፍቷል፣ ሁለቱ ከዛ በኋላ አርፈዋል።

ሌላው፣ የቀዳሁትን መልሼ አሰማለሁ። ለቡልጋዋ እማማ ሳሰማቸው መሃል ላይ «እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ፣ እናቴ እንዲህ አላለችም፣ ያንን አጥፋና እንደገና ቅዳኝ» አሉ። እንደገና ቀዳሁ። የመጀመሪያውን ግን ማጥፋት አቃተኝ፣ ለሳቸውም አልደበቅኩም፣ በሄድኩ ቁጥር «አጠፋኸው?» ይሉኛል፣ ይሄው እየተከራከርን ነው።