ዛሬ ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት

መጀመሪያ የኦንላይን ጨረታ ነበር። ዋጋ በጨመርኩ ቁጥር እከፍላለሁ፤ ዕቃው ለሌላ ሰው ቢደርስም የከፈልኩት አይመለስም። ያንን ላካክስ ብዬ ሰው እያስገቡ ኮሚሽን የሚያገኙበት ሥራ ውስጥ ገባሁ። እህቴንም አስገባኋት። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ትናንት ማታ ስሌቱን ሠራሁት። አንድ ሰው 6 ሰው ቢያስገባ፣ እነሱም እያንዳንዳቸው 6 ቢያስገቡ፣ 13ኛው ዙር ላይ ከ13 ቢሊዮን በላይ አዲስ ሰው ያስፈልጋል። የዓለም ሕዝብ ግን 8 ቢሊዮን ገደማ ነው! የሚሸጥ ነገር የለም፤ የቀደመው የሚከፈለው ከኋለኛው ኪስ ነው። የኔም ኮሚሽን የእህቴ ገንዘብ ነበር።

አልተቆጣችኝም። «ሌላ ማንን አስገባህ?» ብቻ አለችኝ።

ሁለት ጓደኞቼን። አሁን ልደውልላቸው ነው።