የባሌው ቀይ ቀበሮና የእረኛው ውሻ

ቀይ ቀበሮ ከግራጫው ተኩላ ጋር የተዛመደ፣ የዘር ግንዱም ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዩራሲያ ተሻግሮ በደጋችን እንደቀረ የሚታመን፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት 500 ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች፣ የቀሩት በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአርሲና በወሎ ከፍታዎች ተበታትነው ይኖራሉ። የጉና ተራራዎቹ ግን አልቀዋል።

የጥበቃው ነገር ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ጠመንጃን ነው። ሽቅብ የሚገፋው የገብስ እርሻ ከጠመንጃ ይልቅ እንደሚያሰጋ አምናለሁ፤ ባሌ ላይ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ የቀበሮ መንጋ ሙሉ የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጎዳንቱ በሚባለው ወቅታዊ የግጦሽ ዝውውር ከብት ወደ ከፍታው ሲወጣ፣ ከብቱን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻም አብሮ ይወጣል፤ ካልተከተበ ደግሞ በሽታውን ይዞ ይመጣል። ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን ለየብቻው ፍልፈልና አይጥ ቢያድንም፣ ማለዳና ማታ ከመንጋው ጋር ተገናኝቶ፣ ተላልሶና ተሻሽቶ ወሰኑን በጋራ ስለሚጠብቅ፣ አንዱ ከተነከሰ ሌሎቹም አይተርፉም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወብ ሸለቆ የተነሳው ወረርሽኝ በዚያ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ።

ያን ጊዜ 70 ያህል ቀበሮዎች እየተያዙ የተከተቡት መንጋዎችን በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች አካባቢ ነበር። ሁሉንም መከተብ ሳያስፈልግ በሽታው መገታቱ ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ሆኖም ሥራው የተጀመረው ሞት ከገባ በኋላ ነበር። በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጠው፣ አስቀድሞ የሚከላከለው ክትባት በባሌ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

በየዓመቱ የሚካሄደውን የውሾች ክትባት ትርፍ ሥራ የሚያደርጉት ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። የእረኛውን ልጅና ከብትም ያድናልና፣ የአካባቢው ሰው ጥበቃውን የራሱ ጉዳይ አድርጎ እንዲያየው ከማንኛውም ስብከት በላይ ይረዳል። በሌላ በኩል አዲስ ውሻ ከከብቱ ጋር በየወቅቱ ስለሚመጣ ብቻውን አይበቃም። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 ባሌን የመታው ዲስቴምፐር የተባለ ሌላ የውሾች ተላላፊ በሽታ አለ፤ የሥጋው ክትባት ይህንን አይከላከልም። ባሌ ሰፊ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ወረርሽኝ በኋላ ቀስ በቀስ ያገግማል፤ ጥቂት ቀበሮዎች ብቻ የቀሩባቸው የወሎ ከፍታዎች ግን እንዲህ ያለ ዕድል ስለሌላቸው፣ ክትባቱ ወረርሽኝ ሳይጠበቅ እዚያም መድረስ አለበት እላለሁ።