ሥሩን ከመንቀሌ በፊት

የመጀመሪያውን ናሙና ልሰበስብ ስሄድ የያዝኩት ዶማና ጆንያ ነበር። የአንድ የጫካ ቁጥቋጦ ሥር ባክቴሪያ የሚገድል ውህድ ሳይኖረው አይቀርም ብዬ ስለገመትኩ ያገኘሁትን ሁሉ ከነሥሩ ነቀልኩ። ሥሩን አድርቄ ፈጨሁ፣ በሜታኖል ዘፈዘፍኩ፣ ሜታኖሉን አትንኜ የቀረውን በክሮማቶግራፊ ለያየሁ። ከ9 ኪሎ ግራም ደረቅ ሥር የወጣው ንጹሕ ውህድ 11 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ለአንድ ዙር ሙከራ እንኳ በጭንቅ በቃኝ።

በዓመቱ ተጨማሪ ሥር ፍለጋ ስመለስ የጠበቁኝ የቆፈርኳቸው ጉድጓዶች ናቸው። አንድም ችግኝ አልበቀለም። እጅግ አዘንኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የታክሶልን ታሪክ በሌላ ዐይን አነበብኩት። ይህ የካንሰር መድኃኒት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1962 ከተሰበሰበ የፓስፊክ ዪው ዛፍ ቅርፊት ነው። ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የውህዱን አወቃቀር በ1971 ይፋ አደረጉ። ነገር ግን ቅርፊቱ የተላጠ ዛፍ ይሞታል፤ ዪው ደግሞ በጣም በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው። መፍትሔው የተገኘው ከቅጠል ነው፦ የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከአውሮፓው ዪው ቅጠል የታክሶልን የቅርብ ዘመድ አውጥተው በቤተ ሙከራ ወደ መድኃኒቱ የሚለወጥበትን መንገድ ከፈቱ። ቅጠል ቢለቀም መልሶ ያቆጠቁጣል።

እኔም ወደ ቅጠሉ ዞርኩ። ከጫካ በለቀምኩት ቅጠል ውስጥ ውህዱ በጥቂቱ ነበር። በግሪን ሀውስ ካሳደግኳቸው ችግኞች ግን ጨርሶ ጠፋ። ውኃ፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይጓደልባቸው ያደጉ፣ የሚያማምሩ ችግኞች ነበሩ! መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ወር ስፈትሸው ቆየሁ። መልሱን ያገኘሁት የጫካውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ሳገላብጥ ነው፤ ውህዱ የበዛው አባጨጓሬ በበላቸው ላይ ነበር። ቁጥቋጦው ይህን ውህድ የሚያመርተው ሲነከስ ነው፤ እኔ ደግሞ የሚነክሰውን ሁሉ በፀረ ተባይ አጥፍቼለት ነበር። ተክሎች ሲቆስሉ የሚጠቀሙበትን የጃስሞኔት ሆርሞን በችግኞቹ ላይ ስረጭ በሦስተኛው ቀን ውህዱ ብቅ አለ። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ልዩ ነበር።

ሌላው ያስከፈለኝ ትምህርት ታኒን የተባለው በብዙ ተክሎች ውስጥ የሚገኝ ውህድ ነው። ታኒን ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ስለሚያጣብቅ በብዙ ሙከራ መድኃኒት መስሎ ይታያል፤ አራት ወር አባክኖብኛል። አስቀድሞ ታኒኑን ማስወገድ፣ ቀጥሎም ውህዱ ከዚህ በፊት የታወቀ መሆን አለመሆኑን የሞለኪውልን ክብደት በሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ማየት ብዙ ተክል ያተርፋል።

አሁን ከአንድ ቁጥቋጦ የምወስደው ሁለት ግራም ቅጠል ነው፤ ማን እንደበላው፣ አጠገቡ ምን እንደበቀለ፣ አፈሩ ምን እንደሚመስል አብሬ እመዘግባለሁ። ውህዱን የሚሠራው ራሱ ተክሉ መሆኑንም እንደ ቀላል አልወስድም። ትራቤክቴዲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የተገኘው ከአንድ የባሕር እንስሳ ነው፤ እውነተኛው ሠሪ ግን በእንስሳው ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ መድኃኒቱ የሚዘጋጀው በሌላ ባክቴሪያ ከሚመረት ውህድ ተነሥቶ ስለሆነ እንስሳውን ከባሕር ማውጣት ቀርቷል። እኔም ከቅጠሎቼ ውስጥ ያወጣኋቸውን ፈንገሶች በየሳህኑ እያሳደግሁ ነው። እስካሁን ከመረመርኳቸው አንዱም ውህዱን አልሠራም፤ ስድስት ሳህኖች ይቀሩኛል።