ተሰጥኦና ሥልጠና በአንድ ዳይስ ላይ

በምመራው የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያትን ወክለው፣ የሚሳካላቸውንም በዳይስ እየለዩ በሚጫወቱት) ውስጥ፣ ዕድሜውን በጫካ ያሳለፈ አንድ አዳኝና ከገዳሙ ቅጥር ወጥቶ የማያውቅ አንድ መነኩሴ የአውሬ ዱካ አብረው ይፈልጉ ነበር። አዳኙ ዱካው ጠፋበት፤ መነኩሴው አገኘው። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርን ሁሉ ስንስቅ አዳኙን የሚጫወተው ሰው ብቻ አልሳቀም። እኔም ነገሩን የዕድል ጉዳይ ነው ብዬ ለማለፍ ፈልጌ ነበር፤ ማታ ቁጥሮቹን ሳሰላ ግን ጥፋቱ የዳይሱ ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ።

የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ 5ኛ እትም ነው። ከገጸ ባሕርያት የተፈጥሮ ችሎታዎች አንዱ የሆነው ጥበብ ለመነኩሴው 16 በመሆኑ ምንም ሳይሠለጥን በባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 3 ይጨመርለታል። የአዳኙ ጥበብ 10 ስለሆነ ከተፈጥሮ የሚያገኘው ጭማሪ የለም፤ ሥልጠናው ደግሞ በ1ኛ ደረጃ፣ ማለትም በጨዋታው መጀመሪያ፣ የሚሰጠው 2 ብቻ ነው። ዱካውን ለማግኘት የዳይሱና የጭማሪው ድምር ቢያንስ 15 መሆን ስለነበረበት የመነኩሴው ዕድል 45 በመቶ፣ የአዳኙ 40 በመቶ ነበር ማለት ነው። የሥልጠናው ጭማሪ ከደረጃ ጋር ስለሚያድግ፣ ሁለቱም ጥበባቸውን ሳይለውጡ ቢያድጉ፣ አዳኙ ያልሠለጠነውን መነኩሴ የሚስተካከለው 5ኛ ደረጃ ላይ፣ የሚበልጠውም 9ኛ ላይ ሲደርስ ነው። አዳኙ ከመጀመሪያው ጥበቡን ከፍ ማድረግ ነበረበት የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ነገር ግን የሙያ ሰው ለመሆን አስቀድሞ ባለ ተሰጥኦ ሆኖ መወለድ ግድ ከሆነ፣ ሥልጠና የሚባለው ነገር ምን ሊሠራ እንደ ገባ ይጠፋኛል።

የሚገርመው በ1974 የወጣው የዚሁ ጨዋታ የመጀመሪያ እትም ጉዳዩን በሌላ መንገድ ማየቱ ነው። ስድስቱ የተፈጥሮ ችሎታዎች ያኔም ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም በሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ድምር ይወሰኑ ነበር። ይሁን እንጂ ለሙያው ዋና የሆነው ችሎታ 15 እና ከዚያ በላይ የሆነለት ገጸ ባሕርይ በዋነኝነት የሚያገኘው ጥቅም ደረጃውን ለማሳደግ በሚሰበስበው የልምድ ነጥብ ላይ የ10 በመቶ ጭማሪ ነበር። ተሰጥኦ ያለው ሰው ከሌላው ፈጥኖ ይማራል እንጂ ያልተማረውን አያውቅም። ይህ ሐሳብ በኋላ መተዉ ያሳዝነኛል፤ በነጥብ ቆጠራ አሰልቺ እንደነበር ግን አልክድም።

ትራቨለር የተባለው ሌላ የሚና ጨዋታ በ1977 ሲወጣ ሚዛኑን ወደ ሥልጠና አዘነበለው። ገጸ ባሕርዩ ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት በአራት አራት ዓመት ዙር አገልግሎ ሙያ ይዞ ይመጣል፤ በሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ 8 ወይም በላይ ማምጣት ሲጠበቅበትም አንዲት የሙያ ነጥብ ዕድሉን ከ42 ወደ 58 በመቶ ገደማ ታሳድግለታለች። አንዷ ነጥብ ይህን ያህል የምትከብደው የሁለት ዳይስ ድምር ወደ መሃል ስለሚሰበሰብ ነው፤ በባለ 20 ገጹ ዳይስ ግን የአንድ ነጥብ ዋጋ ሁልጊዜ 5 በመቶ ነው።

ተጫዋቹ ችሎታንም ሙያንም በነጥብ የሚገዛበት ገርፕስ የተባለው የሚና ጨዋታ ደግሞ ጉዳዩን ወደ ገበያ ወሰደው። በ2004ቱ 4ኛ እትም የአእምሮን ደረጃ በአንድ ማሳደግ 20 ነጥብ ያስወጣል፤ አንድን ሙያ፣ መጀመሪያ ላይ ካሉት ርካሽ ደረጃዎች በኋላ፣ በአንድ ደረጃ ማሳደግ 4 ነጥብ ያስወጣል። አእምሮ ሲያድግ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት ሙያዎች ሁሉ አብረው ስለሚያድጉ፣ እንዲህ ያሉ ሙያዎች ከአምስት በላይ ያሉት ተጫዋች ከመሠልጠን ይልቅ ብልህ መሆን ይረክሰዋል። ሒሳብ የሚወዱ ተጫዋቾቼ ይህን ለማወቅ አንድ ምሽት እንኳ አልፈጀባቸውም።

እነዚህን ሕጎች ሳነጻጽር፣ ችግሩ የጭማሪው መጠን ሳይሆን ሁለቱን ነገሮች እንደ አንድ ዓይነት ነገር መደመሩ ይመስለኛል። ተሰጥኦ ሰው የሚደርስበትን ጣሪያ ከፍ ያደርጋል፤ ሥልጠና ግን ከሁሉ በፊት የሚያሳየው ሰውየው በመጥፎ ቀኑ ከየት በታች እንደማይወርድ ነው። የሠለጠነ ሐኪም ሁልጊዜ ተአምር አይሠራም፤ ቁስል ማሰር ግን አይሳነውም። በዚያው 5ኛ እትም ይህን የሚገልጽ አንድ ሕግ አለ፦ 11ኛ ደረጃ የደረሰ ሌባ (ከጨዋታው የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች አንዱ) በሠለጠነበት ሙያ ዳይሱ 9 ወይም ከዚያ በታች ቢያወጣ እንደ 10 ይቆጠርለታል። ይህ ለሌባ ብቻ፣ ያውም ያን ያህል ዘግይቶ፣ የተሰጠበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ በጠረጴዛችን ላይ ሕጉን ትንሽ ለወጥነው። የሠለጠነ ገጸ ባሕርይ ከ1ኛ ደረጃ ጀምሮ ዳይሱ ከ6 በታች ቢወጣ እንደ 6 ይያዝለታል፤ ያልሠለጠነው ደግሞ ሙያ በሚጠይቅ ነገር ላይ ቢሳካለት እንኳ ግማሹን ብቻ ያገኛል፤ መነኩሴው ዱካ መኖሩን ያያል እንጂ የምን አውሬ እንደሆነ አይለይም። በር መስበርንና ድንጋይ ማንሳትን የመሳሰሉ የጉልበት ሥራዎችን እንዳሉ ተውኳቸው፤ እዚያ ላይ ሥልጠና ምን ሊለውጥ እንደሚችል እስካሁን ከተጫዋቾቼ ጋር አልተስማማንም። መነኩሴውን የሚጫወተው ልጅ አዲሱን ሕግ ተቃውሞ ነበር፤ ሦስት ስብሰባ ካለፈ በኋላ ግን ገጸ ባሕርዩ ከአዳኙ ዱካ መከተል እንዲማር ጊዜ ይሰጠው ዘንድ ራሱ ጠየቀኝ።